ደህናው ክንድ

ወደ ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ቤቱ ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ባላባት የበቅሎ ጋጣ የነበረ ነው። ጣሊያን በሩን በብረት አጠናክሮ፣ መስኮቱን በቆርቆሮ ደፍኖ እስር ቤት አደረገው። በቅሎዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ሽንታቸው ግን መሬቱ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ወሩ ሰኔ ነበርና ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ሽታውን በየቀኑ ያድሰዋል። ሃያ ሰባት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከኔ ጋር ሃያ ስምንት ሆንን። አንድ ገበሬ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝና «ና፣ እዚህ ጋ ብዙም አያፈስም» አለኝ። የምጽፈው ስለዚህ ሰው ነው።

እኔን የያዙኝ ደጀን ላይ ነው። ከዓባይ በረሃ ወዲህ መንገድ የሚሠራ የጣሊያን ካምፕ ነበር፤ እዚያ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቋንቋቸውንም እዚያው ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። አንድ ሣጥን ድማሚት ጠፋ። የወሰድኩት እኔ ነበርኩ፣ ለአርበኞች ያደረስኩትም እኔ። ያኔ ግን ሽምጥጥ አድርጌ ካድሁ። ጣሊያንኛ ባልችል ኖሮ እዚያው ጨርሰውኝ ነበር። ስለምችል አስረው አስተርጓሚ አደረጉኝ። ምላሴ አተረፈችኝ ማለት ነው። አንድ ቀን ግን መናገር ሲገባት ዝም አለች፤ ያንን ይዤ ነው እስካሁን የምዞረው።

ገበሬው የደብረ ኤልያስ አካባቢ ሰው ነው። በዕድሜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። ጥፋቱ፣ አርበኞች አንድ ምሽት ቤቱ አድረው እራት መብላታቸው ነው። «ምን አበላሃቸው?» ብለው ሲጠይቁት «ያለውን» አላቸው። ለዚህች መልስ ሁለት ጥርሱን አጥቷል። ሲስቅ ክፍተቱ ይታይ ነበር፤ መሳቁን ግን አልተወም።

ሐምሌ እንደገባ የሚስቱ ወንድም ቆሎና ዳቦ ይዞ መጣ። በበሩ ቀዳዳ በኩል «ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው» አለው። ሰውዬው አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖሮ ልጅ ሳያገኝ የቆየ ነው። ያን ቀን ቆሎውን ለሁላችንም አዳረሰ፤ ለራሱ አላስቀረም። ከዚያ ወዲያ ቀን መቁጠር ጀመረ፤ የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነውና ሰማንያውን ቀን ግድግዳው ላይ በጠጠር ይጭር ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የሚጫኑት ሰዎች ስም ተነበበ። ክረምቱ ሲያባራና መንገዱ ሲደርቅ በካሚዮን ተጭነው ወደ ሱማሌ በረሃ፣ በባሕሩ ዳርቻ ወዳለ እስር ቤት ይሄዳሉ። ከዚያ የተመለሰ ሰው አይቻለሁ የሚል አልነበረም። አሥራ ሁለት ስም ተጠራ፤ የእሱም ነበረበት። የእኔ አልነበረም፤ አስተርጓሚ አይጭኑም።

ከተጠሩት አንዱ የደምበጫ ሰው ነው፤ ጣቶቹን ሥጋ ደዌ የጨረሰው። የእስር ቤቱ ጣሊያን ሐኪም በማግስቱ አየውና ከዝርዝሩ ሰረዘው። እንዲያውም ጨርሶ ለቀቁት። ጣሊያኖች ያንን በሽታ ከጥይት አብልጠው ይፈሩታል። እንዲህ ያለ ሰው ካሚዮናቸው ላይ አያወጡም፤ ሕመምተኞቹ ወደሚሰበሰቡበት ጠበል ሂድ ብለው ያባርሩታል።

ይህን ልብ ያሉት አባ ናቸው። አባ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ የታሰሩት በቅዳሴ መሀል የንጉሡን ስም ጠርተው ነው። ገበሬው እጅጌውን ሰብስቦ ሲታጠብ፣ ግራ ክንዱ ላይ ከትከሻው ዝቅ ብሎ መዳፍ የምታህል ነጣ ያለች ቦታ አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉት።

«ከልጅነቴ ያለ ነው አባ። አያሳክከኝ፣ አያመኝ።»

«ሲነኩህ ይሰማሃል?»

«እንዴታ! ለምን አይሰማኝም?»

አባ ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ አይሰማህም» አሉት።

የሐኪሙን አመረማመር የደምበጫው ሰው ሳይለቀቅ በፊት ነግሮን ነበር። ሐኪሙ ዓይኑን ሸፍኖ በመርፌ ይወጋል፤ በሽታው ያለበት ቦታ አይሰማም። ስለዚህ ገበሬውን ማለማመድ ያዝን። ከማገዶ ላይ የሰበርነው የግራር እሾህ ነበረን። ዓይኑን በነጠላው እንሸፍናለን፤ ተራ በተራ ነጣ ያለችውን ቦታ እንወጋለን። መጀመሪያ ቀን ቅንድቡ ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ እንኳ አይለወጥም። «አሁን የወጋኝ ማን ነው? እጁ እንደ ሚስቴ ይለሰልሳል» ብሎ ያስቀን ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት በዚያ ሳምንት ብቻ ነው።

አንድ ቀን አጠገቤ ተጋድሞ ሳለ ጠየቅሁት። «ቢሳካልህስ? በዚህ በሽታ ስም ብትወጣ ልጅህን ማን ያሳቅፍሃል?»

«አላቅፋትም» አለኝ። «ከአጥር ውጭ ቆሜ አያታለሁ። ከሱማሌ በረሃ ግን አትታየኝም።»

አባ በየጠዋቱ ይጸልዩለት ነበር። ጌታዬ ሆይ፣ ይህን ሰው የሥጋ ደዌ ያዘው በልልን ብለው። እንዲህ ያለ ጸሎት በዕድሜያቸው ጸልየው እንደማያውቁ ነግረውኛል።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አመልክተን ሐኪሙ ዘንድ ተጠራ። እኔ ላስተረጉም አብሬው ገባሁ። የሐኪሙ ክፍል ከግቢው ማዶ ነው፤ የአልኮል ሽታ አለው፤ ከኛ ጋጣ ለመጣ ሰው ያ ሽታ ያስቀና ነበር። ሐኪሙ ከሲታ፣ የሚያስለው ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ገበሬውን በርጩማ ላይ አስቀመጠው፣ ዓይኑን በፎጣ ሸፈነው። «ሲሰማው አዎ ይበል» አለኝ፤ ተረጎምኩ። ነጣ ያለችውን ቦታ ወጋ። ዝም። ጠርዟን ወጋ። ዝም። አምስት ስድስት ጊዜ ወጋ። ገበሬው የአውራጃ ዳኛ ፊት የተቀመጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሐኪሙ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀና ብሎ በጣሊያንኛ «አሁን ደህናውን ክንድ እወጋዋለሁ። እንዳትነግረው» አለኝ።

ቀኝ ክንዱን ወጋው። ገበሬው ዝም አለ። መርፌውን ጠለቅ አድርጎ ወጋው፤ ደም ወጣ። ዝም። አንገቱን ወጋው። ዝም።

በደህናው ክንድህ ሲወጉህ ጩኽ ብለን አላለማመድነውም። ሃያ ሰባት ሰው፣ ቄሱ ጭምር፣ አንዳችንም አላሰብነውም። እኛ አገር አንድ ጎልማሳ ሲያመው ዝም እንዲል ነው ከልጅነቱ የሚነገረው፤ በፈረንጅ ፊት ሲሆንማ ይብሳል። በመርፌ ተወግተህ አዎ በል ብሎ የሚመክር ማን አለ? እሱም ሐኪሙ የቱን እንደሚወጋ እያወቀ፣ ጀግንነቱ ይዞት ዝም አለ። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። መሳል እችል ነበር። ሁላችንም እንስል ነበር፣ ሐኪሙ እንኳ ሳይቀር ያስል ነበር። አንድ ሳል ማን ይጠረጥራል? ቢያንስ ነቅቶ ያስብበት ነበር። ገመድ የገባበት የራሴ አንገት ታየኝ፤ ዝም አልኩ።

ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ። «ይህ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ደንዝዟል፣ ወይም ደፋር ነው» አለ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ንቀት ግን አልነበረበትም። ከመሳቢያው ትንሽ ቢላዋና ጠርሙስ አወጣ። «መርፌ የሚነግረኝ በሽተኛው የሚለኝን ነው። ስለዚህ በሽተኛውን ትተን ቆዳውን እንጠይቃለን። ከዚህ ከጠርዙ ትንሽ ቆርጬ መድኃኒት ውስጥ አደርገዋለሁ። አሥመራ ይሄዳል። እዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስተው ይቆርጡታል፣ ቀለም ያጠጡታል፣ በማጉያ መነጽር ያዩታል። የበሽታው ዘር ካለ ቀይ ሆኖ ይታያል። ከሌለም የለም።» ይህን ሁሉ ተረጎምኩለት። ከዚያ «ማደንዘዣ ልውጋው ወይ? ጠይቀው» አለኝ።

ጠየቅሁት።

ገበሬው ዓይኑ እንደተሸፈነ ወደ ድምፄ ዞረ። «የማይሰማ ቦታ ለምን ይደነዝዛል? እንዲህ በለው» አለኝ።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ቢላዋውን አነሳ። ከዚያ ቆረጠ። ቸኩሎ አልቆረጠም፤ ጥልቅ መሆን ስላለበት ነው መሰለኝ ሁለት ጊዜ መለሰበት። ገበሬው አልተነቃነቀም። ፎጣው ሥር ግን ላቡ ወርዶ በጉንጩ በኩል ጺሙ ውስጥ ገባ። የተቆረጠችው የባቄላ ፍሬ እንኳ አታህልም። ጠርሙሱ ውስጥ ስትገባ ትንሽ ደም አሳይታ ወደ ታች ወረደች። ሐኪሙ ቁስሉን ሁለት ቦታ ሰፋ።

«ላቡ ነግሮኛል» አለኝ ስንወጣ። «ላብ ግን ማስረጃ አይሆንም። እልከዋለሁ፤ ማን ያውቃል።» ይህንን ለገበሬው አልተረጎምኩለትም።

ስንመለስ ሁሉም ከበቡን። የተሰፋውን ሲያዩ ተደሰቱ፤ ሐኪሙ ያከመው፣ በሽታውን ቆርጦ ያወጣለት መስሏቸዋል። «ሊያክመው አይደለም፣ ሊያውቀው ነው» አልኳቸው።

አባ ግራ ተጋቡ። «ሰውዬው ምን እንዳለው ሥጋውን ሊጠይቁት ወሰዱት ማለት ነው?»

«አዎ አባ።»

«እንግዲህ ሥጋው ይዋሽልን» አሉና ወደ ጸሎታቸው ዞሩ። ስለ ቀኝ ክንዱ ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ዘበኛው እንዲያምን ስንል ገበሬውን ከኛ ለየነው። ቦታው ጥግ ሆነ፣ በሚያፈስበት በኩል። የቲማቲም ጣሳ ነበረችው፤ ሌሎቻችን ከአንድ ቅል ስንጠጣ እሱ ከጣሳው ይጠጣል። ይህ ሁሉ ለዘበኛው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ነገሩ ሌላ መሆን ጀመረ። ሰዎቹ እሱ ወዳለበት ጥግ ሲያልፉ ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ። አንዱ «በሽታው ገና ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል እንጂ ያቺ ነጭ ነገር ለደህና አይደለችም» ሲል ሰማሁት። እሾህ ይዞ ሲወጋው የነበረ ሰው ነው።

እኔም ያው ነኝ። አንድ ቀን ከሐኪሙ ክፍል ስመለስ ውሃ ጠምቶኝ በደንብ ሳላይ ጣሳዋን አነሳሁ። ከንፈሬ ጋ ስትደርስ የማን እንደሆነች አወቅሁ። መልሼ አስቀመጥኳት። ቀና ስል እያየኝ ነበር።

«ምነው?» አለኝ።

«አልጠማኝም» አልኩት።

ጣሳዋን ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ አልተነጋገርንም፤ አፍሬም ነበር።

የሚስቱ ወንድም በነሐሴ አጋማሽ መጣ። ዘበኛው የኛው አገር ሰው ነው፤ በሩ ላይ ጮኾ «እህትህ ያገባችው ቆማጣ ነው፤ አታውቅም?» አለው። ሰውዬው የያዘውን ዳቦ መሬት አስቀምጦ ሄደ። ገበሬው በቀዳዳው በኩል ጠራው። ሲጠራው እንደሰማ እርግጠኛ ነኝ፤ አልዞረም።

ውጤቱ ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው በአውሮፕላን ከመጣ ደብዳቤ ጋር ደረሰ። ሐኪሙ አስጠራኝና ወረቀቱን አሳየኝ። ሁለት መስመር ነው። የበሽታው ምልክት አልተገኘበትም ይላል። «ጤነኛ ነው» አለኝ ሐኪሙ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ስለሆነ ለአዛዡ መስጠት እንዳለበት ነገረኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው።

ግቢውን በጭቃው መሀል አቋረጥኩ። ገበሬው ጥጉ ላይ ሆኖ ግድግዳውን እየጫረ ነበር። ሌላ አነጋገር ፈልጌ አጣሁ።

«ንጹሕ ነህ አሉ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

ከአፉ ያመለጠው በልማድ ነው። ደግ ወሬ የሰማ ሰው የሚለውን አለ። ከዚያ የተናገርኩት ምን እንደሆነ ገባውና ጠጠሩን ከእጁ ጣለ። አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ቀን ስለ ቀኝ ክንዱ ነገርኩት። ሐኪሙ ያለኝን፣ ዝም ማለቴንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። «ብታስጠነቅቀኝስ መቼ እጮህ ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም።

ካሚዮኑ መስከረም ላይ መጣ። ለልጅቷ ክርስትና አሥር ቀን ቀርቶ ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ ስም እየጠሩ አሥራ አንዱን አስወጡ። ገበሬው ጋቢውን ለአባ ሰጠ፤ «የምሄድበት አገር ሞቃት ነው አሉ» ብሎ። ተራው ሳይደርስ ወደሱ ሄድኩና «ውሃ ስጠኝ፣ ጠምቶኛል» አልኩት።

አየኝ። ለእኛ የተቀመጠው ቅል አጠገቤ እንዳለ ያውቃል። ከእንስራው ጣሳዋን ሞላት። ከዚያ የነጠላውን ጫፍ ይዞ የጣሳዋን አፍ ዙሪያውን ጠረገ፤ ቤቱ ለመጣ እንግዳ እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። እስከ ታች ጠጣሁ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው ጠጡ። እሱ ለእያንዳንዱ እየጠረገ ይሰጥ ነበር። ዘበኛው ሲጮህበት «እንግዶቼን ላጠጣ» አለው፤ አልቸኮለም።

ከወረቀቱ በኋላ ነው የጠጣነው። ከወረቀቱ በፊት አንዳችንም አልጠጣንም። ያንን እሱም ያውቅ ነበር፤ ሲሰጠን ግን አላስታወሰንም።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «ብትተርፍ ንጹሕ ነበር ብለህ ንገርልኝ» አለኝ።

ተረፍኩ። ጣሊያን ሲወጣ ደብረ ኤልያስ ሄድኩ። ቤታቸው ከመንደሩ ተገልሎ ነበር፤ መንገዱን ያሳየኝ ሰው ከሩቅ ጠቁሞኝ ተመለሰ። ሚስቱን አገኘኋት፤ ልጅቷንም አየሁ፤ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ብቻዋን ትጫወታለች። ለሚስቱ ሁሉንም ነገርኳት፤ አለቀሰች፤ አመነችኝ። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለሽማግሌዎቹ ደግሜ ተናገርኩ። ወንድሟም ነበር። ጨርሰው ሰሙኝና «ወረቀቱስ?» አሉኝ። ጣሊያኖች ሲወጡ ቢሮውን አቃጥለውታል። ወረቀት የለኝም አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ «ጓደኛው ነህ፣ ምን ታደርግ» አለኝ በደግነት። ማንም አልሰደበኝም። ልጅቷ አድጋ ባል ስለማግባቷ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ሰባ ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ወር አንገቴ ላይ እብጠት ወጥቶ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት። «አባቴ፣ ከእብጠቱ ትንሽ ቆርጠን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። ባዮፕሲ ይባላል። ሕክምና አይደለም፤ ምን እንደሆነ ማወቂያ ነው» አለችኝ። እንዴት እንደሚያሳሱት፣ ቀለም እንደሚያጠጡት ልታስረዳኝ ጀመረች። አውቀዋለሁ፣ አንድ ጊዜ አስተርጉሜዋለሁ አልኳት። ያረጀ ሰው ቅዠት መስሏት ነው መሰለኝ ፈገግ አለች።

ማደንዘዣ ወጋችኝ። ጥቂት ጠብቃ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችና «አባቴ፣ ይሰማዎታል?» አለችኝ።

«አይሰማኝም» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ዕንባዬ መጣ። ሐኪሟ ደንግጣ እጇን አነሳች። «ምነው፣ አመመዎት?»

«አላመመኝም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።